«12 ፖይንት» ስንት ነው? ስለ ፊደልና ገጽ መለኪያ መሣሪያዎች

እኛ የግራፊክ ዲዛይንና የኅትመት ተማሪዎች በየቀኑ የምንጠራው አንድ ቁጥር አለ። «ጽሑፉ በ12 ፖይንት ይሁን» እንላለን። መምህራን በመልመጃችን ላይ ይጽፉታል፤ ደንበኛም ከኮምፒውተሩ መስኮት ላይ አይቶ ይለዋል። ይሁን እንጂ ከመካከላችን አንዱ «እስቲ በታተመው ወረቀት ላይ ያንን 12 በማስመሪያ አሳይ» ቢባል ነገሩ ቀላል አይሆንም። ፊደሉን ሲለካው ከ12 ያንሳል፤ ከመስመር እስከ መስመር ሲለካ ደግሞ ይበልጣል። ታዲያ 12ቱ የት ነው ያለው?

በዚህ ጽሑፍ በገጽ ቅንብርና በኅትመት ሥራ የምንጠቀምባቸውን መለኪያዎች፣ አሠራራቸውን፣ በተለይ ደግሞ ለአማርኛ ፊደል ስንጠቀምባቸው የሚገጥመንን ችግር ለማስረዳት እሞክራለሁ። የምለው ነገር ባጭሩ ይህ ነው፦ መለኪያ ከማንሣታችን በፊት «ምኑን? በምን? ከየት እስከ የት?» የሚሉትን ሦስት ጥያቄዎች ካልመለስን የምንጽፈው ቁጥር ለማተሚያ ቤቱም፣ ለአንባቢውም ምንም አይነግረውም።

ነጥቡ ከየት መጣ?

ገጽን መለካት ከማተሚያ መኪና በፊትም የነበረ ሥራ ነው። የብራና ጸሐፊዎቻችን ብዕር ከማንሣታቸው በፊት ብራናውን በወስፌ እየበሱ፣ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ቀለም የሌለው መስመር እያሰመሩ ዓምዱን፣ ኅዳጉንና የመስመሮቹን ርቀት ይወስናሉ። ዛሬ በኮምፒውተር «ጋይድ» የምንለው መስመር ሥራው ያው ነው፤ ለቀናባሪው ይታያል እንጂ አይታተምም።

ፖይንት ግን የመጣው ከብረት ፊደል ጋር ነው። በእርሳስ ፊደል ዘመን እያንዳንዱ ሆሄ የሚቀመጠው በአንድ አራት ማዕዘን የብረት አካል ጫፍ ላይ ነበር። የእኛም ፊደል በዚህ መንገድ ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1513 ሮም ከተማ ውስጥ ሲሆን፣ መጽሐፉ መዝሙረ ዳዊት ነው። በዚያ ዘመን የፊደል ቀራጮች ሁሉ የሚስማሙበት መለኪያ ስላልነበረ የአንዱ ፊደል ከሌላው ፊደል ጋር በአንድ መስመር ላይ በትክክል አይገጥምም ነበር።

ይህንን ለማስተካከል ፈረንሳዊው ፒየር ሲሞን ፉርኒዬ እ.ኤ.አ. በ1737 የፊደልን አካል በትንንሽ ነጥቦች የሚለካ ሥርዓት አወጣ። በዚያው ምዕተ ዓመት ፍራንሷ አምብሯዝ ዲዶ ነጥቡን ከፈረንሳይ ንጉሣዊ የርዝመት መለኪያ ጋር አስተሳሰረው። የአሜሪካ ፊደል አምራቾች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1886 በራሳቸው ነጥብ ተስማሙ። በመጨረሻም በ1980ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) አዶቢ ኩባንያ ያወጣው ፖስትስክሪፕት ነጥቡን በትክክል የኢንች አንድ ሰባ ሁለተኛ አደረገው። ዛሬ ኮምፒውተሮቻችን የሚሠሩት በዚህ በመጨረሻው ነው።

እንግዲህ ሦስቱን ጎን ለጎን እንያቸው። የዲዶ ነጥብ 0.376 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የቀድሞው የአሜሪካ ነጥብ 0.3515፤ የኮምፒውተሩ 0.3528። አሥራ ሁለት ነጥብ አንድ ፓይካ ይባላል፤ በዲዶ ሥርዓት ደግሞ ሲሴሮ።

ልዩነቱ ከቁም ነገር የሚገባ ላይመስል ይችላል። ግን 700 ነጥብ ቁመት ያለው አንድ የጋዜጣ ዓምድ እንውሰድ። በኮምፒውተሩ ነጥብ 247 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ በቀድሞው የአሜሪካ 246፤ በዲዶ 263። ከመጀመሪያዎቹ ሁለት መካከል ያለው 1 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከዲዶ ጋር ግን 16 ሚሊ ሜትር ልዩነት አለ። ይህ ማለት ሦስት አራት መስመር ጽሑፍ ከገጹ ውጭ ቀረ ማለት ነው።

በየማተሚያ ቤቱ መሳቢያ ውስጥ የሚገኙ አሮጌ የብረት ማስመሪያዎች ከየትኛው ሥርዓት እንደሆኑ ሁልጊዜ አልተጻፈባቸውም። ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። በማስመሪያው ላይ 72 ነጥብ (ወይም 6 ፓይካ) ቆጥራችሁ ያንን ርዝመት በሚሊ ሜትር ማስመሪያ ለኩ። 25.4 ከሆነ የኮምፒውተሩ ነው፤ 25.3 ከሆነ የቀድሞው የአሜሪካ፤ 27 ከሆነ ዲዶ ነው። የ25.4ና የ25.3 ልዩነት ለዓይን ስለሚያስቸግር በረጅሙ፣ ለምሳሌ በ60 ፓይካ መለካት ይሻላል፤ ያን ጊዜ 254 እና 253 ሆኖ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

በእጅ የሚያዙት መሣሪያዎች

የመጀመሪያው የብረት ማስመሪያ ነው። የጽሕፈት መሣሪያ መደብር የሚሸጠው የፕላስቲክ ማስመሪያ ዜሮው የሚጀምረው ከጫፉ ትንሽ ገባ ብሎ ነው። የኅትመት ማስመሪያ ግን ዜሮው ከብረቱ ጫፍ ይነሣል፤ አንዳንዱም ጫፉ ላይ ትንሽ መንጠቆ አለው። መንጠቆው የወረቀቱን ወይም የተለቀመውን የእርሳስ ፊደል ጠርዝ ይዞ እንዲቆም ነው። ብረት መሆኑም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ፕላስቲክ በሙቀት ይለጠጣል፣ ጫፉም ቶሎ ይበላል።

ሁለተኛው የመስመር ርቀት መለኪያ ነው። ሊዲንግ የምንለው ቃል የመጣው ከእንግሊዝኛው የእርሳስ ስም ነው፤ በፊደል መስመሮች መካከል ይገባ ከነበረው ስስ የእርሳስ ቁራጭ። የሚለካው አንድ መስመር ከተቀመጠበት ወለል ቀጥሎ ያለው መስመር እስከ ተቀመጠበት ወለል ነው እንጂ በመካከላቸው ያለው ነጭ ቦታ አይደለም። ለዚህ የተሠራ ባለ ብዙ መስመር ብርሃን አስተላላፊ መለኪያ አለ፤ በጽሑፉ ላይ ተደርጎ መስመሮቹ ሲገጣጠሙ ቁጥሩ ይነበባል።

መለኪያው ባይኖርም ችግር የለም። ከአንደኛው መስመር ወለል እስከ አሥራ አንደኛው መስመር ወለል በሚሊ ሜትር ለኩና ለ10 አካፍሉ። ለምሳሌ 56.5 ሚሊ ሜትር ቢመጣ አንዱ ርቀት 5.65 ነው። ይህንን ለ0.3528 ስናካፍለው 16 ነጥብ ይሆናል። አንድ መስመር ብቻ መለካት የማይመከርበት ምክንያት፣ የግማሽ ሚሊ ሜትር ስሕተት በአንድ መስመር ላይ ከአንድ ነጥብ በላይ ስለሚያሳስት ነው፤ በአሥር ሲካፈል ግን ያ ስሕተት አብሮ ይካፈላል።

ሦስተኛው ማጉሊያ መነጽር ወይም ሉፕ ነው። ከ8 እስከ 10 እጥፍ የሚያጎላ፣ ከታቹ የሚሊ ሜትር ክፍልፋይ የተሰመረበት ቢሆን ጥሩ ነው። ተጣጣፊው ዓይነት መጀመሪያ የተሠራው የጨርቅ ክር ለመቁጠር ነበር። ለእኛ ዋናው ጥቅሙ አራቱ ቀለሞች በትክክል አንዱ በአንዱ ላይ መቀመጣቸውን ማየት ነው። በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ያሉት የመስቀል ምልክቶች በማጉሊያው ሥር አንድ መስለው ከታዩ ደኅና ነው። ከተለያዩ ግን ስንት እንደተለያዩ በክፍልፋዩ እናነባለን። በባለ ቀለም መደብ ላይ በነጭ የወጣ ትንሽ ጽሑፍ ካለ ጥንቃቄው እጥፍ ይሁን፤ የመ ዓይኖች ይደፈኑና ቃሉ የማይነበብ ይሆናል።

በዚያው ማጉሊያ የፎቶግራፉን የነጥብ መረብም እናያለን። ጋዜጣ ብዙ ጊዜ በኢንች 85 መስመር አካባቢ፣ አብረቅራቂ ወረቀት ላይ የሚታተም መጽሔት ደግሞ 150 አካባቢ ይጠቀማል። የፎቶው ጥራት የዚህ እጥፍ ቢሆን ይበቃል የሚባል የሙያ ልምድ አለ። ስለዚህ ለጋዜጣው 170፣ ለመጽሔቱ 300 ነጥብ በኢንች ማለት ነው። «ሁልጊዜ 300» የሚለው አባባል የመጣው ከዚህ ነው።

አራተኛው ማይክሮሜትር፣ የወረቀት ውፍረት መለኪያ ነው። «80 ግራም» ስንል የምንናገረው ስለ ክብደት ነው፤ አንድ ካሬ ሜትር ወረቀት 80 ግራም ይመዝናል ማለት ነው። ውፍረቱን አይነግረንም። ሁለት ዓይነት የ80 ግራም ወረቀት አንዱ 0.10፣ ሌላው 0.12 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይችላል። 200 ገጽ ያለው መጽሐፍ 100 ቅጠል ነው፤ በመጀመሪያው ወረቀት ጀርባው 10 ሚሊ ሜትር፣ በሁለተኛው 12 ይሆናል። ሽፋኑን የሠራው ሰው ይህንን ካላወቀ በመጽሐፉ ጀርባ ላይ መሀል ሊቀመጥ የታሰበው ርእስ ወደ ፊት ለፊቱ ይንሸራተታል። ማይክሮሜትር ከሌለ ከዚያው ወረቀት 100 ቅጠል ቆጥራችሁ፣ ጠበቅ አድርጋችሁ ይዛችሁ፣ በማስመሪያ ለክታችሁ ለ100 አካፍሉ።

ለፊደላችን የማይሆነው መለኪያ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በውጭ አገር የገጽ ቅንብር መጻሕፍት ውስጥ አንድ የታወቀ የፊደል መጠን መለኪያ አለ። በብርሃን አስተላላፊ ፕላስቲክ ላይ «ኢ» የሚባለው የላቲን ትልቁ ሆሄ ከትንሽ ወደ ትልቅ ተደርድሮ ታትሟል። በታተመ ጽሑፍ ላይ ያለን አንድ ትልቅ ሆሄ ከእነዚህ ጋር ስናስተያይ የሚገጥመው መጠኑን ይነግረናል። መለኪያው ለላቲንም ቢሆን ግምት ነው፤ ምክንያቱም ፖይንት የሚለካው የሚታየውን ሆሄ ሳይሆን ሆሄው የተቀመጠበትን አካል ነው። በብረቱ ዘመን አካሉ በእጅ ይዳሰስ ነበር፤ ዛሬ በኮምፒውተር ውስጥ የማይታይ ሣጥን ሆኗል። ሆሄው ያንን ሣጥን ምን ያህል እንዲሞላ የሚወስነው ፊደሉን የሣለው ሰው ነው።

በአማርኛ ደግሞ መለኪያው ጭራሽ አይሠራም። ትልቅና ትንሽ የሚባል ሆሄ የለንማ! የሆሄዎቻችን ቁመትም እኩል አይደለም። ዐ በአብዛኛው ከለ ያጥራል፤ ዓ ሲሆን ግን እግር ይወጣለትና ክቡ ወደ ላይ ይነሣል። ሰ ላይ መስመር ሲጨመር ሸ ሆኖ ይረዝማል። ስለዚህ «የፊደሉ ቁመት ስንት ነው?» ብሎ ዝም ብሎ መጠየቅ አያስኬድም፤ «የትኛው ሆሄ?» ማለት ያስፈልጋል።

በተግባር ልምምድ ወቅት ከእርሳስ ፊደል ዘመን ጀምረው የሠሩ አንድ አንጋፋ ባለሙያ አጠገብ የመቀመጥ ዕድል አግኝቼ ነበር። ደንበኛ መጥቶ «በ12 ይሁንልኝ» ሲል እሳቸው ሁልጊዜ የሚመልሱት አንድ ነገር ነው፦ «12 የየትኛው ፊደል?» ከዚያ ከመሳቢያቸው የተለያዩ ፊደሎች ናሙና የታተመበት ወረቀት ያወጡና «የሚነበብልህን አሳየኝ» ይላሉ። እኔ መጀመሪያ ደንበኛ ማጉላላት መስሎኝ ነበር። «ልጄ፣ ሰው የሚያነበው ቁጥሩን ሳይሆን ፊደሉን ነው» አሉኝ።

ነገሩ በሒሳብ ሲታይ እንዲህ ነው። በ12 ፖይንት የተጻፉ ሁለት የአማርኛ ፊደሎች አሉ እንበል። የአንዱ ለ በወረቀት ላይ 3 ሚሊ ሜትር ቁመት አለው፤ የሌላው 2.6። ሁለተኛው ለዓይን ከመጀመሪያው እኩል እንዲሆን 13.8 ፖይንት አካባቢ መሆን አለበት። ሁለቱም ግን «12 ፖይንት» ናቸው፤ ማንም አልዋሸም።

አሁን ይህ በጨረታ ሰነድ ላይ ሲጻፍ አስቡት። ለትንንሽ ልጆች ወይም ለአረጋውያን የሚሆን መጽሐፍ ሊታተም ነው፤ ሰነዱ «12 ፖይንት» ይላል፤ የፊደሉን ዓይነት አይጠቅስም። ትንሹን ፊደል መርጦ የመስመሩንም ርቀት በዚያው ልክ ያጠበበ ሰው 200 ገጽ የነበረውን ሥራ ወደ 150 ገጽ ያወርደዋል። ወረቀቱ በሩብ ቀነሰ፤ ዋጋውም ወረደ፤ ሰነዱም አልተጣሰም። የሚከፍሉት መጽሐፉን ከዓይናቸው አራቅ ቀረብ እያደረጉ የሚታገሉት እናቶችና አባቶች፣ ወይም ሆሄ ገና የሚለዩት ልጆች ናቸው። ለእኔ የመለካት ጉዳይ የሙያ ጨዋነት ጉዳይ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

መፍትሔው በእጃችን ነው። የራሳችንን መለኪያ መሥራት እንችላለን። የምትጠቀሙበትን አንድ የአማርኛ ፊደል ምረጡ። ለ የሚለውን ሆሄ ከ8 እስከ 24 ፖይንት፣ በየአንድ ነጥቡ፣ ከጎኑ ቁጥሩን እየጻፋችሁ በአንድ ገጽ ላይ ደርድሩ። በብርሃን አስተላላፊ ፕላስቲክ ላይ አትሙት። የፊደሉን ስም ከላይ በግልጽ ጻፉ፤ ምክንያቱም መለኪያው የሚያገለግለው ለዚያ ፊደል ብቻ ነው። ለ የተመረጠው ወለሉም ጣሪያውም በግልጽ ስለሚታይ ነው፤ ሌላ ሆሄ ብትመርጡም ግዴለም፣ ሁልጊዜ ያንኑ ተጠቀሙ። በአንድ ገጽ አንድ ፊደል ከሠራን በአንድ ወሰነ ትምህርት ውስጥ ክፍላችን የሚሠራባቸውን ፊደሎች በሙሉ መጨረስ እንችላለን።

ስክሪኑንና ፕሪንተሩን ማመን

«ኮምፒውተሩ እኮ ራሱ ይለካል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ኢንዲዛይንን የመሰሉ የገጽ ቅንብር ፕሮግራሞች ከማንኛችንም እጅ ይልቅ በትክክል ይለካሉ። የ«ኤ4» ገጽ 210 በ297 ሚሊ ሜትር ወይም 595 በ842 ነጥብ መሆኑን ወዲያው ያሳያሉ። ነገር ግን የሚለኩት በፋይሉ ውስጥ ያለውን እንጂ ከማሽኑ የወጣውን ወረቀት አይደለም። ስክሪኑ ላይ 100 ፐርሰንት ተብሎ የሚታየው ገጽ እንኳ በአንዱ ስክሪን ከእውነተኛው መጠን ሊያንስ፣ በሌላው ሊበልጥ ይችላል።

ልምምድ ላይ በነበርኩበት ማተሚያ ቤት የሆነውን ልንገራችሁ። አንድ ደንበኛ የሠርግ ጥሪ ካርድ አዘዘ። ፋይሉ ላይ ካርዱ 150 ሚሊ ሜትር ስፋት ነበረው። ለማረሚያ የወጣው ወረቀት ግን ፕሪንተሩ «ከገጹ ጋር አጣጥም» በሚለው ትእዛዝ ላይ ስለነበር በ97 ፐርሰንት ወጣ፤ ካርዱ 145.5 ሚሊ ሜትር ሆነ። ደንበኛው ወረቀቱን አይቶ ፈረመ፤ በዚያው ልክ 148 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ፖስታ ገዛ። 600 ካርድ ታትሞ ሲመጣ አንዱም ፖስታው ውስጥ አልገባም። ሠርጉ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። በመጨረሻ ካርዶቹ በመቁረጫው ከግራና ከቀኝ ተከረከሙ፤ ዳሩ ላይ በወርቅማ ቀለም የነበረው ሐረግ በአንድ በኩል ሙሉ፣ በሌላው በኩል ግማሽ ሆኖ ቀረ። ሙሽሮቹ ተቀበሉት፤ ምን ያድርጉ?

ይህንን የሚከላከል መሣሪያ አንድ መስመር ብቻ ነው። በእያንዳንዱ ማረሚያ ገጽ ግርጌ፣ ከሥራው ውጭ፣ በትክክል 100 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀጭን መስመር አስምሩ። ወረቀቱ ሲወጣ በብረት ማስመሪያ ለኩት። 100 ከሆነ ቀጥሉ፤ 97 ከሆነ ፕሪንተሩን አስተካክሉ። በቁመትም በስፋትም አንዳንድ መስመር ቢሆን ይመረጣል፤ አንዳንድ ማሽን በአንዱ አቅጣጫ ብቻ ይስባልና። ደንበኛም ከመፈረሙ በፊት መስመሩ ተለክቶ ቢያይ መብቱ ነው።

በሥራ ትእዛዙ ላይ ምን እንጻፍ?

እንግዲህ ከላይ የተባለው ሁሉ የሚጠቅመው ወረቀት ላይ ሲሰፍር ነው። ከአሁን በኋላ በምናወጣው የሥራ ትእዛዝ ላይ እነዚህን ብንጽፍ እላለሁ፦

የፊደሉ ስምና መጠን፣ ከአጠገቡም የለ ቁመት በሚሊ ሜትር።

የመስመር ርቀት በነጥብ፣ እንዲሁም የአሥር መስመር ርዝመት በሚሊ ሜትር፤ ማተሚያ ቤቱ በማስመሪያ እንዲያረጋግጠው።

የገጹ መጠን ከመቆረጡ በፊትና ከተቆረጠ በኋላ። ቀለሙ እስከ ጠርዝ የሚደርስ ከሆነ በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ፤ መቁረጫው ትንሽ ቢንሸራተት ነጭ ጠርዝ እንዳይታይ።

የወረቀቱ ክብደት በግራም፣ ውፍረቱም በሚሊ ሜትር ከራሱ ከወረቀቱ ተለክቶ።

ማረሚያው በ100 ፐርሰንት ስለ መውጣቱ የተለካው መስመር ውጤት።

ይህንን ሁሉ ለማድረግ የሚያስፈልገን አንድ የብረት ማስመሪያ፣ አንድ ማጉሊያና በራሳችን እጅ የሚሠራ የፕላስቲክ ገጽ ነው። የትምህርት ክፍላችን በቤተ ሙከራው ውስጥ አንድ መሳቢያ ለይቶ፣ የምንጠቀምባቸውን የአማርኛ ፊደሎች ናሙናና መለኪያ በቋሚነት ቢያስቀምጥልን ከእኛ በኋላ የሚመጡትም ይገለገሉበታል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ፊደሎች ገጽ እኔና ሁለት የክፍል ጓደኞቼ ጀምረነዋል፤ ሌሎቻችሁም የምትወዱትን ፊደል ይዛችሁ ኑና እንጨርሰው።